ባሕር አጠገብ የመረጥኩት ቤት

ባለቤቴ ቶየር ሃያ ስድስት ዓመት የሰው ቤት ሲቀባ ኖረ። ሥራው ባሕሩ ጥግ፣ መስኮታቸው ሁሉ ወደ ውኃው የሚያይ ትልልቅ ቤቶች ላይ ነበር። እዚያ የቀለም ሥራ አያልቅም። በሁለት ዓመቱ ጨው ግድግዳውን ልጦ ይጥለዋል፤ ቶየር እንደገና መሰላሉን ይዞ ይሄዳል። «ጨው ቀለም ይበላል፣ እኛ ደግሞ በጨው እንበላለን» ይል ነበር። በምሳ ሰዓት ሌሎቹ ቀቢዎች ጥላ ፈልገው ጋደም ሲሉ እሱ ልብሱን አውልቆ ባሕር ይገባል። አርባ ሰባት ዓመት እስኪሞላው ድረስ ታሞ የዋለበትን ቀን አላስታውስም።

አንድ ቀን ካልክ ቤይ በሚባለው የባሕር ጥግ ሰፈር የቆመበት ጣውላ ተንሸራቶ ከሁለተኛ ፎቅ ጣለው። ዳሌውም ጭኑም ተሰበረ። ሁለት ወር ሆስፒታል ተኝቶ በዱላ ወጣ።

ያኔ የምንኖረው ከባሕሩ በራቀ ሰፈር፣ ሃኖቨር ፓርክ፣ ሁለተኛ ፎቅ ላይ ነበር። ሃያ ሁለት ደረጃ አለው። ቶየር ሃያ ሁለቱን ለመውጣት አራት ጊዜ ያርፋል፤ እኔ ከኋላው ወንበር ተሸክሜ እከተለዋለሁ። ከስድስተኛ ክፍል ወጥቼ ልብስ ስፌት ገብቼ፣ ፋብሪካው እስኪዘጋ የሱሪ ኪስ ስሰፋ የኖርኩ ሰው ነኝ፤ ስለ አጥንት የማውቀው ነገር የለም። ግን ሰውዬው በየሳምንቱ እየደረቀ መሄዱን ለማየት ትምህርት አያስፈልግም።

የጤና ጣቢያዋ ሴት በግልጽ ነገረችን። «አጥንቱ ደህና ተገጥሟል። በየቀኑ ካልተንቀሳቀሰ ግን መገጣጠሚያው ይቆለፋል። ከተቆለፈ በኋላ ተሽከርካሪ ወንበር ነው። ውኃ ውስጥ ይሂድ። ውኃ ክብደቱን ይሸከምለታል።»

«ባሕር ይሆናል?» አላት ቶየር።

«ከባሕር የተሻለማ የት ይገኛል» አለችው። የሰውዬው ፊት ሲበራ ያየሁት ከወደቀ ወዲህ ያን ቀን ነው።

በታክሲ እስከ ዋይንበርግ፣ ከዚያ በባቡር እስከ ባሕሩ ጥግ፣ ሚውዘንበርግ መመላለስ ጀመረ። ከጣቢያው ትንሽ አለፍ ብሎ በድንጋይ የታጠረ የባሕር ገንዳ አለ፤ ማዕበል ሲመጣ ይሞላል፣ ሲመለስ ይረጋል። ክረምት ከበጋ የሚዋኙ ሽማግሌዎችና የጎማ ቆብ ያጠለቁ አሮጊቶች እዚያ አሉ። በሦስት ወሩ ቶየር ደረጃውን አንዴ ብቻ አርፎ መውጣት ጀመረ። ቅንድቡ ላይ ጨው ደርቆ፣ እየሳቀ ይገባል። ያስቀኝም ጀመር። ችግሩ መንገዱ ነው። በዚያ ጠባብ ታክሲ ውስጥ እግሩን አጥፎ ሲመለስ ባሕሩ ያላላውን ታክሲው መልሶ ያስረዋል። በየቀኑ የነበረው በሳምንት ሁለቴ ሆነ፣ ቀጥሎ አንዴ። ደረጃው ላይ እንደገና ሁለቴ ማረፍ መጣ።

«ባሕሩ ወደ እኛ አይመጣም» አለኝ አንድ ቀን ደረጃው ላይ ተቀምጦ። «እኛ እንሂድ።»

የከተማው አስተዳደር ቤት ውስጥ የሚኖር ሰው እንዲህ በቀላሉ አይነሳም። ቤቱ የራስህ ስላልሆነ ሸጠህ አትሄድም። የሚቻለው መለዋወጥ ነው። ካርድ ጽፈህ ሱቅ ላይ ትለጥፋለህ፤ የአንተን ቤት የሚፈልግ፣ አንተም የእሱን የምትፈልገው ሰው ከተገኘ ሁለታችሁም ቢሮ ሄዳችሁ ትፈርማላችሁ። ካርዱን እሱ እየነገረኝ እኔ ጻፍኩት፦ ሁለት ክፍል፣ ሃኖቨር ፓርክ፤ በለውጥ ባሕር አጠገብ ይፈለጋል። ከራሴ «ሰላም ያለበት» ብዬ ጨመርኩበት።

ቶየር አነበበና ሳቀ። «ፋልዲላ፣ ይቺ ምን ልታደርግ ገባች? እኔ ሰፈር ጦርነት አለ ብሎ የሚደውልልሽ ሰው ይኖራል?»

ከፊት ለፊታችን የምትኖረው ያስሚና ካርዱን ሱቅ ላይ አንብባ በሬን አንኳኳች። «እውነት ነው እንዴ? ለመታጠብ ብላችሁ ቤት ልትለውጡ? ባልሽ ዓሣ ሆነ እንዴ አንቺ?»

«ሊሆን ምንም አልቀረው» አልኳት።

«እንግዲህ ዓሣ ከሆነ አንቺም መረብ ያዢ። ባሕር ጥግ ብዙ መበለት አለ።»

ሦስት ሰው ደወለ። የመጀመሪያዋ ስትራንድፎንተን፣ አሸዋ ክምሩ ሥር ነው ቤቷ። ምድር ቤት ነው፣ ደረጃ የለውም፤ ገና ሳላየው ልቤ ገብቶበት ነበር። በሩን የከፈተችልን መጥረጊያ እንደያዘች ነው። አልጋው ሥር፣ ሳህኑ ላይ፣ የሕፃኑ ጆሮ ውስጥ አሸዋ አለ። ደቡብ ምሥራቁ ነፋስ በበጋ ሲነሳ በሩ እንደማይከፈት እሷ ባትነግረንም አወቅነው። ቶየር ወደ ባሕሩ ለመሄድ ሞከረ፤ ዱላው አሸዋው ውስጥ እስከ እጀታው ገባ። ሁለተኛው ኦሸን ቪው ነው። ቤቱ ንጹሕ፣ ሰዎቹም ጨዋ። ባሕሩን ግን በሁለት ጣሪያ መካከል አንገትህን አስግገህ ነው የምታየው፤ ለመድረስ እንደገና ታክሲ ነው። ቶየር ሻዩን ጠጥቶ ተነሳ።

ሦስተኛዋ አንቲ ዶሪን ናት፤ በዕድሜ የምትበልጠንን ሴት «አንቲ» እንላለን። ስልሳ ስድስት ዓመቷ፣ ባሏ የሞተባት፣ ክርስቲያን። ልጇ ሃኖቨር ፓርክ ስላገባች እሷ አጠገብ መሆን ፈለገች። ቤቷ ከሚውዘንበርግ ጀርባ፣ እዚያ ካለው ሐይቅ ወዲህ፣ ፔሊካን ኮርት የሚባሉት ሕንፃዎች ውስጥ አንደኛ ፎቅ ላይ ነው። አሥራ አንድ ደረጃ። ከበሩ ወጥተህ ፊት ለፊት ያለውን ባዶ ሜዳ ስታቋርጥና የባቡሩን ሐዲድ ስትሻገር ሃያ አምስት ደቂቃ ውስጥ ገንዳው ጋ ትደርሳለህ። በቶየር እግር ማለቴ ነው።

ለማየት የሄድነው በረመዳን ሁለተኛ ሳምንት ነበር። ቶየር በጾም ወር ባሕር አይገባም፤ ውኃ እውጣለሁ ብሎ ይፈራል። ስለዚህ በዚያ ሜዳ በኩል አንድም ጠዋት አልሄደበትም። እኔም ይህን አላሰብኩትም።

ቤት እንዴት እንደሚመረጥ ያስተማረችኝ እናቴ ናት። ደመወዝ በተከፈለ ዓርብ ሂጂ። ደረጃውን አሽትቺ። ማንም ሳይጠብቀው የተሰጣ ልብስ አለ ወይ ብለሽ እዪ። በረመዳን ከሆነ ደግሞ ፀሐይ ልትጠልቅ ስትል መስኮት ላይ ቁሚና ሳህን ቁጠሪ። ከማፍጠሪያ በፊት እያንዳንዱ ቤት ለጎረቤቱ ሳህን ይልካል፤ የሚልከውም ልጆቹን ነው። ልጅ ሳህን ይዞ ከሕንፃ ሕንፃ የሚሻገርበት ሰፈር እናቶቹ የማይፈሩበት ሰፈር ነው። የሰው አፍ ይዋሻል፤ ልጅ የሚልክ እጅ ግን አይዋሽም ትል ነበር። እኛ ሃኖቨር ፓርክ እነዚያ መሣሪያ የሚይዙ ልጆች ወር አይለዩም። በረመዳንም ይተኩሳሉ። እኔ ለዓመታት ሳህኔን ከራሳችን ደረጃ አሳልፌ አልላክሁም።

አንቲ ዶሪን ሁሉንም ክፍል አሳየችን። «ይኸው ወጥ ቤቱ። ቧንቧው ያለቅሳል፣ አትስሚው። ባሕሩን ደግሞ ያውላችሁ፣ ውሰዱት። ሠላሳ ዓመት አጠገቡ ኖሬ እግሬን እንኳ አላረጠብኩም።»

«ለምን?» አላት ቶየር።

«እኔ እንዳንተ አልወደቅኩማ።»

እኔ መስኮቱ ላይ ቆምኩ። ፀሐይዋ ዝቅ ስትል ልጆቹ መውጣት ጀመሩ። አምስት፣ ስምንት፣ አሥራ አንድ ሳህን ቆጠርኩ። ሰባት ዓመት የሚሆናት ልጅ በጨርቅ የተሸፈነ ሳህን በሁለት እጇ ይዛ፣ አገጯን ጨርቁ ላይ አድርጋ፣ ሜዳውን ሙሉ አቋርጣ ወደ ማዶ ሕንፃዎች ሄደች። መሃል ላይ አሮጌ የሲሚንቶ ቱቦ አለ፤ እዚያ ላይ ጎረምሶች ተቀምጠዋል። አንደኛው እግሩን ሰብስቦ አሳለፋት። ሌላኛው ጨርቁን ገለጥ አድርጎ «ሳምቡሳ ነው?» አላት መሰለኝ፤ እጁን በጥፊ መታችው። ሳቁ። እኔም መስኮቱ ላይ ሳቅሁ። በዚያ ዓመት ልቤ እንደዚያ ያረፈበት ሰዓት አልነበረም።

አዛን ሲሰማ አንቲ ዶሪን ተምርና ውኃ አቀረበችልን። ክርስቲያን ሆና አስባልን ገዝታ ነው። ምንም አልጠየቅኋትም።

«እንዴት አየሽው?» አለኝ ቶየር ባቡሩ ውስጥ። እሱ በበኩሉ ወስኖ ጨርሷል፤ ግን የመጨረሻው ቃል የእኔ እንዲሆን ፈልጓል። እኔ ካልኩ ከዚያ በኋላ አላማርርምና።

«እዚህ እንኖራለን» አልኩት።

ከኢድ በኋላ ባለው ቅዳሜ ገባን። የመጀመሪያዎቹ አሥር ቀናት የተባረኩ ነበሩ። ቶየር በጠዋት ፎጣውን አንገቱ ላይ ጠምጥሞ ይወጣል፣ ሦስት ሰዓት ላይ ይመለሳል። አሥራ አንዱን ደረጃ ያለ ዕረፍት ወጣ። እሑድ እኔንም ይዞኝ ሄደ፤ ግንቡ ላይ ተቀምጬ ሲዋኝ አየሁት። እነዚያ የጎማ ቆብ ያጠለቁት ሴቶች «ሚስትየው አንቺ ነሽ? ስለ አንቺ ሲያወራ ጆሯችን አለቀ» አሉኝ። ምን እንዳወራ አልጠየቅሁም። ደስ አለኝ።

በሁለተኛው ሳምንት ማክሰኞ፣ ቶየር ከወጣ ሩብ ሰዓት ሳይሞላ፣ ልብስ እያሰጣሁ ተኩስ ሰማሁ። ያን ድምፅ አውቀዋለሁ፤ ርችት ነው ብዬ ራሴን ለማታለል ጊዜ አልወሰደብኝም። ከሜዳው በኩል ነው። ደረጃውን ወርጄ በሩ ላይ ስደርስ አንዲት ሴት በክንዴ ይዛ ወደ ውስጥ መለሰችኝ። ጎረቤቴ ሩጋያ ናት፤ ካልክ ቤይ የእንግዳ ማረፊያ ውስጥ አልጋ ታነጥፋለች፣ ያን ቀን ዕረፍቷ ነበር።

«ባሌ ሜዳው ላይ ነው» አልኳት።

«ሜዳው ላይ ከሆነ ተኝቷል። ቆሞ የሚጠብቅ ሰው የለም። ነይ ተቀመጪ።»

ሁለት ሰዓት ሙሉ ተቀመጥኩ። ሩጋያ ሻይ አፈላች፤ ስኒውን በእጄ እንደያዝኩት በረደ። ቶየር የመጣው በዋናው አስፋልት ዞሮ ነው፤ ያን እግሩን እየጎተተ፣ ሱሪው ሣርና ጭቃ ሆኖ። ሐዲዱ ሥር ካለው ግንብ ጀርባ ሆዱ ላይ ተኝቶ ነበር። ፎጣው እንደደረቀ ነው።

«ዛሬ ባሕሩ ሩቅ ነበር» አለኝና አልጋው ላይ ተዘረጋ።

ሩጋያ በሩ ላይ ስትደርስ ዞረች። «ፋልዲላ፣ ቤቱን ልታዩ የመጣችሁት በየትኛው ወር ነበር?»

«በረመዳን።»

«በረመዳን» አለች ደግማ። «በረመዳንማ ማን ይተኩሳል? እዚህ እኮ ከሜዳው ወዲህ ያሉትም ወዲያ ያሉትም ተኳሾች እናቶቻቸው ሙስሊሞች ናቸው። ጾም ሲገባ ያቆማሉ፣ ኢድ ሲያልፍ ይጀምራሉ። ሕፃን ሁሉ ያውቀዋል።»

«ሳህን ሲሻገር አየሁ» አልኳት።

«ሳህንማ ይሻገራል። አሁን ግን ድስት ሙሉ ወርቅ ብትሰጪኝ ልጄን እዚያ አልልክም።»

ለአንቲ ዶሪን ደወልኩ። ልቆጣ ነው የደወልኩት። ድምፅዋን ስሰማ ግን ቁጣው ከዳኝ።

«ለምን አልነገሩኝም?»

«ምኑን?»

«ሜዳውን።»

በስተጀርባዋ የልጅ ልጆቿ ይጫጫሉ። «ፋልዲላ፣ መስኮቴ ላይ ቆመሽ ግማሽ ሰዓት አየሽ። አንድ ነገር አልጠየቅሽኝም። እኔ ክርስቲያን ነኝ፤ የራስሽን ጾም እኔ ላስተምርሽ?» ቀጥላም ለስለስ አለች። «ታውቂያለሽ ብዬ ነው፣ ልጄ ትሙት። ሳህኑን እንደ አዋቂ ነበር የምትቆጥሪው።»

«እዚያስ እንዴት ነው?» አልኳት ሌላ የምለው ሳጣ።

«እዚህም ያው ነው። ልጄ ግን ከእኔ በታች ትኖራለች። ስታስል እሰማታለሁ።»

ቶየር ሦስት ሳምንት ከሕንፃው ሥር አልራቀም። እኔ ነኝ ያልለቀቅሁት። በሐዲዱና በሐይቁ ዞሮ የሚሄድ መንገድ አለ፤ አንድ ሰዓት ሊሞላ ትንሽ ነው የሚቀረው፣ መመለሻውም ያን ያህል ነው። ያ እግር አይችለውም። ወደ ባሕሩ የሚሄድ ታክሲ ደግሞ በዚህ በኩል አያልፍም። ስለዚህ ወይ ሜዳው፣ ወይ ምንም። በመጀመሪያው ሳምንት ክፍል ውስጥ እየተመላለሰ ያላግጥ ነበር። በሁለተኛው ማላገጡን ተወ። በሦስተኛው አሥራ አንዱን ደረጃ ሁለቴ አርፎ ወጣ፤ እኔም ወንበሩን ከአልጋ ሥር አወጣሁ። ወንበሩን ሲያይ ፊቱን ወደ ግድግዳው አዞረ።

በዚያው ሰሞን አንድ ሰው ደወለ። አሮጌው ካርዳችን ሃኖቨር ፓርክ ሱቅ ላይ ቀርቶ ኖሮ ከዚያ ነው ቁጥሩን ያገኘው፤ ባሕር አጠገብ መግባታችንንም ባለ ሱቁ ነግሮታል። ከባሕሩ ሠላሳ ኪሎ ሜትር ወደ ውስጥ ገባ ብሎ፣ ቤልቪል አካባቢ፣ ምድር ቤት አለው። መንገዱ በአንድ በኩል ዝግ ነው፣ መኪና እንኳ አያልፍበትም። ልጆቹ ማዕበል ላይ በጣውላ መንሳፈፍ ይወዳሉ፣ ባሕር አጠገብ መግባት ይፈልጋሉ። ሜዳውን ነገርኩት። እኔ ላይ የደረሰው እንዲደርስበት አልፈለግሁም። «ልጆቼ ትልልቆች ናቸው፣ መኪና አላቸው» አለኝ። ገና በቅርቡ የለወጥን ብንሆንም ቢሮው የጤና ጣቢያዋን ሴት ደብዳቤ አይቶ ከደንቡ ውጭ ሊፈቅድልን ተስማማ፤ እስከ ዓርብ መልስ ስጡ አሉን።

ቤቱን ብቻዬን ሄጄ አየሁት። የሰው ልብስ ያለ ጠባቂ ተሰጥቷል። አንዲት አሮጊት በሯ ላይ ወንበር አውጥታ እንቅልፍ ወስዷታል። ለቶየር ስነግረው ጣሪያውን እያየ ሰማኝ።

«አንቺ ምረጪ» አለኝ።

«ያለፈውን መርጬ አይተኸዋል።»

«ታዲያ መምረጥ ተማርሻላ።» አላሾፈም፤ ደክሞት ነው የተናገረው።

ማክሰኞ ለሩጋያ ነገርኳት። «ምን ታደርጊያለሽ?» አላልኳትም፤ ዝም ብዬ ነገርኳት። እሷ ግን «አንቺ፣ እኛ ሥራ እንዴት የምንሄድ ይመስልሻል?» አለችኝ።

እነዚያ ልጆች ሲነጋ ነው የሚተኙት። እስከ ሦስት ሰዓት አይነሱም። ያን ማክሰኞ የተነሱት ከመካከላቸው አንዱ ፍርድ ቤት የሚቀርብበት ቀን ስለነበረ ነው። የፍርድ ቀንና የቀብር ቅዳሜ ይታወቃል፣ ያን ቀን ማንም አይሻገርም። በሌላው ቀን ባሕሩ ጥግ ቤት የሚያጸዱት ሴቶች ለአሥራ ሁለት ሩብ ጉዳይ ሕንፃው ጀርባ ያለው ቧንቧ ጋ ይሰበሰባሉ፤ አብረው ይሻገራሉ።

ረቡዕ ጠዋት አብሬያቸው ተሻገርኩ። አሥራ ሦስት ሴት፣ እያንዳንዷ ቦርሳዋን ደረቷ ላይ አቅፋ። ማንም አይሮጥም፣ ማንም ቆሞ አይጠብቅም። የሲሚንቶውን ቱቦ ሳልፍ እንኳ ቀና ብዬ አላየሁትም። ሐዲዱ ጋ ስንደርስ ሁሉም ባንዴ ማውራት ጀመሩ። ያኔ ነው እስከዚያ ማንም እንዳልተናገረ የገባኝ።

ሐዲዱ ላይ ጠየቅኋቸው። ባሌን ይዤ ልምጣ ወይ አልኳቸው።

ከፊት የምትሄደው አንቲ ዊልሚና ናት፤ ከሁሉም ትበልጣለች፣ ሃያ ዓመት ያህል በዚያ ሜዳ ተመላልሳለች። ቆም አለች። «ወንድ?»

«ባሌ ነው። እግሩ ታሟል።»

«አንቺ ሴትዮ፣ እነዚህ ልጆች እኛን የሚያሳልፉን ለምን ይመስልሻል? ሴቶች ስለሆንን ነው። ወንድ ከመካከላችን ካለ የሚያዩት እሱን ነው። ማን ነው፣ ከወዲያ ነው ከወዲህ ነው ይላሉ።»

«አርባ ዘጠኝ ዓመቱ ነው። ዱላ ይይዛል።»

«ምን ሥራ አለው?»

መዋሸት እችል ነበር። «የለውም። ሊዋኝ ነው።»

አንዷ ሳቀች። አንቲ ዊልሚና አልሳቀችም። «እኛ የሰው ሽንት ቤት ለማጠብ ነው ይህን ሜዳ የምንሻገረው። ባልሽ ለመንቦጫረቅ ብሎ ከኛ ጋር?»

ልክ ናት። እኔም በእሷ ቦታ ብሆን እንደዚያ ነበር የምለው። «ካልዋኘ ይቆለፋል» አልኳት። «ውኃ ካጣ ሦስት ሳምንቱ ነው፤ ትናንት ወንበር አወጣሁለት። ሌላ ምክንያት የለኝም።»

ሩጋያ ከኋላ ሆና «አንቲ ዊልሚና፣ ጋሼ ቶየርን እኮ እርስዎም አይተዋቸዋል። እሳቸውን ለመምታት ጥይት የሚያባክን የለም» አለች። ሴቶቹ ሳቁ። በዚህ ሳቅ ውስጥ አንቲ ዊልሚናም ትንሽ ላላች።

«ከኋላ» አለችኝ ጣቷን እያነሳች። «አሥር እርምጃ ከኋላ፣ ከእኛ ተለይቶ። አንቺ ከጎኑ ትሄጃለሽ፣ በየቀኑ። አንድ ቀን እሱን ብቻ ካየሁት አለቀ። አንድ ነገር ከተፈጠረ ደግሞ አንመለስም፤ አንዳችንም። ገባሽ?»

«ገባኝ።»

«በዝናብም።»

«በዝናብም» አልኳት።

ዓርብ ለሰውዬው ደወልኩለት። ሌላ ሰው ይፈልግ አልኩት። ግራ ገባው። «ሜዳውን አንቺው ነሽ የነገርሽኝ» አለ። «እውነት ከሆነ ምን ያስቀምጣችኋል?»

«ባለቤቴ ይዋኛል።»

«ይኸው ብቻ?»

«ይኸው ብቻ» አልኩት።

ለቶየር ሄጄ አንሄድም ስለው ረጅም ጊዜ አየኝ። ሱሪውን እየፈለገ «ፎጣዬን የት ነው ያደረግሽው?» ብቻ አለኝ።

ይኸው አሁን ሰባተኛ ወራችን ነው። በየጠዋቱ ቧንቧው ጋ እንቆማለን፤ ሴቶቹ ይቀድማሉ፣ እኛ እንከተላለን። እርምጃዬን እቆጥራለሁ። እስከ ቱቦው ድረስ ሁለት መቶ አሥር ነው፣ ከቱቦው እስከ ሐዲዱ ሦስት መቶ ስልሳ። ሁለቴ የፍርድ ቀን ሆኖ ቀርተናል፤ አምስት ቅዳሜ በቀብር። አንዴ፣ ከሐዲዱ እንዳለፍን ከኋላችን ተኩስ ተሰማ። አንቲ ዊልሚና እንዳለችው ማንም አልተመለሰም፣ እኛም ዞረን አላየንም። ያን ቀን ስንመለስ በረጅሙ ዞርን፤ ቶየር ማታ በሕመም እንቅልፍ አጣ፣ እኔም አጣሁ።

ለመመለስ ሴቶቹ የሉም፤ ሥራ ላይ ናቸው። ብቻችንን ነን። ስለዚህ ልጆቹ ሳይነሱ፣ ሦስት ሰዓት ሳይሞላ ሜዳውን አልፈን ቤት መግባት አለብን። ግንቡ ላይ ሰዓቴን ይዤ እቀመጣለሁ። ጠዋት ላይ ፀሐይዋ ከተራራዎቹ በላይ ብቅ ስትል ገንዳው ወርቅ ይመስላል ይላሉ እነዚያ ባለ ጎማ ቆብ ሴቶች። ይመስል ይሆናል። እኔ የማየው ሰዓቴንና የእሱን ጭንቅላት ነው። የጤና ጣቢያዋ ሴት ባለፈው ወር እግሩን አጥፋ ዘርግታ አይታ «አልተቆለፈም» አለችን። ደረጃውን ያለ ዱላ ይወጣል። ወንበሩን ለሩጋያ እናት ሰጠኋት።

ዛሬ ከገንዳው ውጣ ስለው ግንቡን ይዞ ቀና አለ። «አሥር ደቂቃ ጨምሪልኝ፣ ፋልዲላ። ውኃው ዛሬ ጥሩ ነው።»

ሰዓቴን አየሁ። «አምስት» አልኩት። አራተኛው ደቂቃ ላይ ፎጣውን ዘርግቼ ቆምኩ፤ እሱም ወጣ። ነገ ሐሙስ ነው፣ ፍርድም ቀብርም የለም ብላኛለች ሩጋያ።